የታቀፈች ዶሮ ትሞቃለች

"እኔን የሚሸውድ እንቁላል ገና አልተጣለም!"

ጮሊት ይህን ያለችው እንቁላሉን ከመብራቱ ላይ ሳታነሳ ነው። ክፍሉ ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው። መስኮቱ በጥቁር ፕላስቲክ ተሸፍኗል። ጠረጴዛው ላይ በጣሳ ውስጥ የተቀበረ አምፖል አለ፤ የጣሳው ክዳን መሃል ላይ ደግሞ ሳንቲም የምታህል ቀዳዳ። እንቁላል እዚያች ቀዳዳ ላይ ሲቀመጥ ጉዱ ሁሉ ወለል ብሎ ይታያል። ሕይወት ከያዘ እንደ ሸረሪት እግር የተዘረጋ ቀይ ደም ስር አለው፤ መሃሉ ላይም የምትርገበገብ ጥቁር ነጥብ። ካልያዘ ብጫ ብርሃን ብቻ ነው። ሕይወት ያለው ወደ ማስፈልፈያው ማሽን ይመለሳል፣ ባዶው ለዳቦ ቤት ይሸጣል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚሉት ያኛውን እንጂ ባዶውን አይደለም፤ ባዶው የሚሄደው መጥበሻ ላይ ነው።

"ይሄስ?" አለቻት ረጅሟ። ረጅሟ ትሪ የምታቀብላት የሥራ ጓደኛዋ ናት፤ በሩን ጎንበስ ሳትል ስለማትገባ ስሟን የሚያስታውስ ሰው የለም።

"ባዶ። እናቱ አውራ ዶሮ በሩቁም አላየች።"

"ይሄስ?"

"ይሄ ይዟል። እንዲያውም አባቱን ይመስላል።"

ረጅሟ በሳቅ ትሪውን ልትጥለው ነበር። ጮሊት ደግሞ ሰው ከሳቀላት አለቀ፣ ማቆሚያ የላትም።

"እንቁላል ብቻ መሰለሽ? እኔ ሰውም አያለሁ። አክስቴን ማን ያወቀባት ይመስልሻል? ሐኪም ሳያያት፣ ሽንት ሳትሰጥ፣ በዚህ በመዳፌ ነው ያወቅኩባት! ዛሬ ሐኪም ቤት ትሄድና ወረቀቱን ይዛ ትመጣለች፣ ያኔ ታወሪኛለሽ።"

"አክስትሽ ስንት ዓመቷ ነው በናትሽ?"

"አርባ ስምንት። ታዲያ ምን ይጠበስ?"

"ኧረ ምንም። አያቴም በዚያ ዕድሜዋ ወለደች ይባላል።" ረጅሟ ሌላ ትሪ አነሳች። "ይባላል ነው እንግዲህ፤ እኔ አላየሁም።"

ጮሊት አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ትምህርቷን ስድስተኛ ክፍል ላይ አቋርጣለች። ስለ ሰው አካል የተማሩት እስከ ሆድ ዕቃ ድረስ ነው፤ ከዚያ ዝቅ የሚለው ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ መምህሩ ጉሮሮውን ጠርጎ "ይህን ቤታችሁ አንብቡት" አለና ወደ ዕፅዋት ዘለለ። ቤት ደግሞ ማን መጽሐፍ አለው? የቀረውን ዶሮ አስተማረቻት። ዶሮ መቼ እንደምትጥል፣ መቼ እንደምታቆም፣ ምን ብትበላ ቅርፊቱ እንደሚጠነክር፣ መብራት ሲረዝምላት እንዴት እንደምትፈጥን፣ ሁሉንም ታውቃለች። ሴትም እንቁላል አላት ሲባል ሰምታለች። እንግዲህ እንቁላል እንቁላል ነው፣ ምን ልዩነት አለው?

በሩ ተከፈተና ብርሃን ገባ። አክስቷ ናት። የሥራ ገዋኗን አውልቃ፣ ፀጉሯን አሲዛ፣ አዲሱን ሻርፕ አድርጋለች።

"ተነሽ። ላንቺም ፈቃድ ጠይቄልሻለሁ" አለቻት።

"አንድ ትሪ ይቀረኛል፣ አክስቴ።"

"ረጅሟ ትጨርስልሻለች። ነይ፤ ብቻዬን ስሆን ልቤ ይመታል።"

ሲወጡ ረጅሟ ከኋላ "መንታ ይሁን!" ብላ ጮኸች። አክስት ዘወር አላለችም፤ ፈገግ ስትል ግን ጮሊት በጎን አይታለች።

አክስቷ በዚህ ዶሮ እርባታ ውስጥ እንቁላል ለቃሚ ናት። ባሏ ደግሞ የእርባታው ሹፌር ነው፤ ጫጩት ጭኖ በየከተማው ያደርሳል። ሲጋቡ እሷ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁለት ጊዜ ፀንሳ ሁለቴም ወርዶባታል። ከዚያ ወዲህ ምንም። እሷም መጠየቁን ተወች፤ ሰውም መጠየቁን ተወ፤ የእህቷን ልጅ ጮሊትን አምጥታ አሳደገች። ጮሊት ግን ስትመጣ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ አፏም አብሯት ነው የመጣው። ሕፃን አሳደግኩ የሚያሰኝ አልነበረም።

ታሪኩ የተበላሸው ባለፈው ዓመት ነው። የአክስቷ ወር አበባ እየዘለለ ቆይቶ ድርግም ብሎ ቀረ። ሌላ ሴት ብትሆን ሐኪም ትጠይቅ ነበር። እሷ ጮሊትን ጠየቀች።

"ይሄ እረፍት ነው" አለቻት ጮሊት፣ ክንዷን አጣምራ እንደ ሐኪም። "ዶሮም ታርፋለች። ላባዋን ትጥላለች፣ ታርፋለች፣ እንደገና ትጀምራለች። መብራት ጨምሩላትና ቅርፊት አብሏት፣ በቃ።"

የቤታቸውን አምፖል እስከ እኩለ ሌሊት ማብራት ጀመሩ። የእንቁላል ቅርፊት ታመሰ፣ ተወቀጠ፣ ተነፋ፣ በየምግቡ ላይ ተነሰነሰ። ባልየው አፉ ውስጥ ኮረት እያንቀጫቀጨ ይበላል፤ ሲተኛ ሸሚዙን ፊቱ ላይ ጣል ያደርጋል። "እስር ቤት እንኳ መብራት ይጠፋል" አለ አንድ ቀን። ከዚያ በላይ አልተናገረም። እሱ ነገር በሆዱ የሚያስቀር ሰው ነው።

በዚያው ሰሞን የባልየው ታናሽ ወንድም ሚስት በወሊድ ሞተች። ሕፃኗ ተረፈች። ወንድምየው ልብስ ሰፊ ነው፤ የሚኖረው በሚሠራባት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ልጅቷን ከተቆረጠ ጨርቅ ክምር አጠገብ አስተኝቶ ማሽኑን ይረግጣል። አክስት በየእሑዱ እየሄደች አጠበቻት፣ ጡጦዋን ቀቀለች፣ አዘለቻት። ወራት እንዳለፉ ልብስ ሰፊው እንዲህ አለ፦ "እትዬ፣ ይቺ ልጅ እኔ ዘንድ አታድግም። የእናንተ ትሁን።"

አክስት በደስታ አለቀሰች። መታጠቢያ ሳፋ ገዛች። አልጋዋን ወደ ግድግዳ አስጠግታ ቦታ አወጣች።

ጮሊት ደግሞ ቦታውን አይታ ማስላት ጀመረች። ሕፃን ከመጣ አንድ ሰው ቤት ይቀራል። ማን? ጋሼ መኪናውን ጥሎ አይቀር። አክስቴ አትቀር። ደሞዙ የሚያንሰው ነው የሚቀረው። ከጨለማው ክፍል፣ ከረጅሟ ሳቅ፣ ከገዛ ደሞዟ ወጥታ ሽንት ጨርቅ ስታጥብ ታያት። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

እንግዲህ በዚያው ሳምንት ነው ሙቀቱ የመጣው። አክስት የዶሮዎቹ ቤት ውስጥ ቅርጫት እንደያዘች በድንገት ፊቷ ቀላ፣ አንገቷ በላብ ተጠመቀ። የገዋኗን ቁልፍ መፍታት ጀመረች። ጮሊት እጇን ደረቷ ላይ አስቀመጠች። ደረቷ እንደ ምድጃ ግሏል።

"አክስቴ!" አለች ዓይኗን አፍጥጣ። "ታቅፈሻል!"

"ምን?"

"ዶሮ ልትታቀፍ ስትል ምን ትሆናለች? መጣል ታቆማለች፣ ደረቷ ይግላል። አንቺስ? መጣል አቁመሻል፣ ደረትሽ ግሏል። ይዞልሻል በቃ! መብራቱ ሠራ ማለት ነው!"

አክስት ቅርጫቱን መሬት አስቀመጠች። እዚያው ገለባው ላይ ቁጭ አለችና መሳቅ ጀመረች። ጮሊት ሰባት ዓመት ሙሉ አብራት ስትኖር እንዲህ ስትስቅ አላየቻትም። እና በእውነት፣ በዚያች ሰዓት፣ ጮሊት ራሷም አመነች።

የልብስ ሰፊው ልጅ ነገር በዚያው ቀረ። አክስት ለባሏ ያለችው ይህን ነው፦ "የራሴ ሲመጣ የሟች ልጅ ተገፋች እንዳይባል እፈራለሁ። ለወንድምህ አንተው ንገረው።" ባልየው ረጅም ጊዜ ፊቷን አያትና "እሺ" አለ። ሄዶ ነገረው።

ይኸው እንግዲህ ዛሬ፣ ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ፣ ሐኪም ቤት የሚሄዱት ለማረጋገጥ ብቻ ነው። ጮሊት መንገዱን ሙሉ ስለ ስም ስታወራ ሄደች።

የጤና ጣቢያው ክፍል ጠባብ ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ ሚዛን፣ መደርደሪያው ላይ ደግሞ ከፕላስቲክ የተሠራ፣ ሮዝ ቀለም ያለው፣ ግራና ቀኝ ቀንድ መሰል ነገር ያወጣ ዕቃ። ነርሷ ወጣት ናት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላዋለች። ሽንቱን ተቀብላ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ቀጭኗን መመርመሪያ ጠረጴዛው ላይ አደረገች።

"አንድ መስመር ናት" አለች። "እርግዝና የለም፣ እናቴ።"

"መስመሩ ወጥቷል አይደል እንዴ?" አለች ጮሊት አንገቷን አስግጋ።

"አንዷ ሁልጊዜ ትወጣለች። እርግዝና ካለ ሁለት ይሆናሉ።"

"ምናልባት መመርመሪያው ያረጀ ይሆናል።"

"ይቺ ማን ናት?" ነርሷ ወደ አክስት ዞረች።

"የእህቴ ልጅ ናት" አለች አክስት በቀጭን ድምፅ። "ሲስተር፣ ወር አበባዬ ከቀረ ዓመት አልፎታል። ደግሞ ይግለኛል። በቀን አራቴ አምስቴ ያልበኛል።"

ነርሷ መነጽሯን ወደ ዓይኗ አወረደች። ዕድሜዋን ጠየቀች። ሌላም ሌላም ጠየቀች። ሆዷን በእጇ ዳሰሰች። ከዚያ ያንን ሮዝ ዕቃ ከመደርደሪያው አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው።

"ይሄ መሃል ያለው ማህፀን ነው። ግራና ቀኝ እነዚህ ሁለቱ የእንቁላል ቋቶች ናቸው። በየወሩ ካንደኛው ቋት አንዲት እንቁላል በስላ ትወጣና በዚህች ቱቦ ትጓዛለች። ማህፀን ደግሞ እንግዳ ሊመጣ ይችላል ብሎ ምንጣፍ ያነጥፋል፤ ግድግዳው በደም ይለሰልሳል። የወንድ ዘር እዚህች ቱቦ ውስጥ ካገኛት ፅንስ ትሆንና መጥታ ምንጣፉ ላይ ታርፋለች። ካላገኛት ምንጣፉ ይነሳል፣ በደም መልክ ይወጣል። ወር አበባ የምንለው እሱን ነው። ከዚያ እንደገና ማንጠፍ ነው።"

"እና ምንጣፉ ካልተነሳ" አለች ጮሊት ጣቷን አንስታ፣ "እንግዳው መጥቷል ማለት ነዋ!"

"ወይም ማንጠፍ ቆሟል ማለት ነው" አለች ነርሷ።



"ለምን ይቆማል?" አለች አክስት።

"እንቁላሎቹ ሲያልቁ ነው፣ እናቴ። ማህፀን በራሱ አያነጥፍም፤ ከቋቶቹ ትእዛዝ ሲመጣለት ነው። ቋቶቹ ባዶ ሲሆኑ ማንም አያዘውም። ያ ሙቀትም ከዚያ የመጣ ነው። ሰውነት የለመደውን ሲያጣ ግራ ይጋባል፣ አንዴ ይሞቃል፣ አንዴ ይበርዳል። በሽታ አይደለም።"

"አያልቅም!" አለች ጮሊት። "አዲስ ይሠራላ! እኛ ጋ ዶሮ..."

"ሴት አዲስ አትሠራም። ሴት ልጅ ገና እናቷ ሆድ ውስጥ እያለች ነው እንቁላሎቿን ሁሉ የምትይዘው። ስትወለድ አብረዋት ይወለዳሉ። ከዚያ በኋላ መቀነስ እንጂ አንዲት እንኳ አትጨመርም። እስከ እርጅናው ድረስ አዲስ አዲስ የሚሠራው ወንድ ነው።"

"ይሄማ ግፍ ነው!" ጮሊት ከወንበሯ ተነሳች። "ለወንዱ ትኩስ ትኩስ፣ ለእኛ የከረመ?"

ነርሷ ሳቋን ከንፈሯን ነክሳ አስቀረችው። "ለአቤቱታ የምትሄጂበትን ቢሮ ባውቀው አብሬሽ እመጣ ነበር።"

"ዶሮ ግን እንደዚያ አይደለችም። ዶሮን እኔ አውቃታለሁ። መብራት ስንጨምርላት..."

"አባቴ የእንስሳት ሐኪም ነው፣ እርባታ ውስጥ ነው ያደግኩት" አለች ነርሷ። "ዶሮም እንደዚያው ናት። ጫጩቷ ቅርፊቱን ሰብራ ስትወጣ እስክትሞት የምትጥለውን በሆዷ ይዛ ነው። በመብራት ያለውን ታፈጥኑታላችሁ እንጂ አንድም አትጨምሩበትም።"

ጮሊት ኩም አለች። ስለ ሰው መሳሳት አንድ ነገር ነው። ስለ ዶሮ!

አክስት ሮዙን ዕቃ በጣቷ ነካ አደረገችው፤ ቀንዱ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሿን ቋት።

"ቀደም ብዬ ብመጣ ኖሮ?" አለች።

"ስንት ዓመት ቀደም ብለው?"

"እንጃ። አንቺ ንገሪኝ።"

ነርሷ መነጽሯን አወለቀች። "ዐሥር ዓመት ቀደም ብለው መጥተው ቢሆን ብዙ የምንነጋገረው ነገር ይኖር ነበር። አምናና ዘንድሮ ግን ልዩነት አያመጣም። እርስዎ ያጠፉት ነገር የለም።"

"እኛ ጋ እንቁላል ያለቀባቸውን ካሚዮን ላይ ነው የምንጭናቸው" አለች አክስት። "ለሥጋ።"

"እናቴ፣ እርስዎ ዶሮ አይደሉም እኮ።"

"ይህን ለእሷ ንገሪያት" አለች አክስት፣ በአገጯ ወደ ጮሊት እያሳየች። ከዚያ ሻርፗን አስተካከለችና ተነሳች።

ግቢው ውስጥ የውሃ ታንከር ሥር አንድ ረጅም አግዳሚ ነበር። አክስት እዚያ ተቀመጠችና ስልኳን አወጣች። ስልኩ አሮጌ ነው፤ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው የሚናገረው ለመንገደኛ ሁሉ ይሰማል።

"እትዬ!" አለ የልብስ ሰፊው ድምፅ። ከኋላው የስፌት ማሽን ይንተከተካል። "እንዴት ነሽ? ሰውነትሽስ?"

"ደህና ነኝ። ልጅቷ እንዴት ናት?"

ማሽኑ ቆመ።

"ደህና ናት፣ እግዜር ይመስገን። የእናቷ እህት መጥታ ወሰደቻት፣ እሑድ ለት። ትንሽ ይርቃል ግን ቤቷ ሰፋ ያለ ነው። ደግሞ እሷም አራስ ናት፣ ጡት አላት። ሁለቱን አንድ ላይ ታጠባለች። እኔም ምን ላድርግ፣ እናንተ ካልተመቻችሁ..."

"አይ። ደግ አደረግክ" አለች አክስት። "ጡት ካገኘች ምን ትፈልጋለች።"

"አንቺስ? ወንድሜ ሲነግረኝ እኔ ራሴ..."

"በል ሥራህን አታስፈታኝ" ብላ ዘጋችው። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ልትከት ሞከረች። ቦርሳው ዚፑ ክፍት ነበር፤ ቢሆንም ሦስቴ ሞክራ ነው የገባላት።

ጮሊት አጠገቧ ቁጭ አለች። ምን እንደሚባል አታውቅም፤ እሷ ደግሞ የምትለው ስታጣ ዝም አትልም፣ ጉዷ ያ ነው።

"መልሰን እናመጣታለን። ሄደን እንለምናታለን።"

"ከጡት ላይ ነጥቀሽ?"

ተነስተው ወደ ቤት መንገድ ጀመሩ። አቧራማ አጥር ይዘው፣ የጎማ ጥገናውን አልፈው፣ የእንጨት መሸጫውን አልፈው። አክስት ቀስ ብላ ነው የምትራመደው። ጮሊት አሰበች፣ አሰበች፣ እና አንድ ነገር ብልጭ አለላት።

"አክስቴ፣ ለጋሼ ምን ልትይው ነው?"

"እንጃ።"

"ወረደ በይው።"

አክስት አየቻት።

"አዎ! ወረደብኝ በይው። ከዚህ በፊትስ ሁለቴ ወርዶብሽ የለ? ማን ያውቃል? ነርሷ አትነግረው። እኔ ሆዴ ይፍጀው እላለሁ፣ ትንፍሽ አልልም። ኖሮ ወረደ ካልሽው ያዝንልሻል፣ ያባብልሻል። ወንድሙም ያዝንልሻል። አልነበረም ካልሽው ግን ልጅቷን በባዶ ሜዳ አስወሰድሽ ማለት ነው። ሰው ይስቅብሻል። ላም አለኝ በሰማይ ነው የሚሉሽ።"

አሁን የአክስት ፊት ቀልቶ ነበር፤ ያ ሙቀት መጥቶባታል። ሻርፗን አወለቀችና እንደ ማራገቢያ አንገቷ ላይ ታወዛውዘው ጀመር። ጮሊት ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጠረችው። በልቧ ዝግጅት ጀመረች፦ ሲገቡ አክስቷን በክንዷ ትደግፋለች፣ "ቀስ፣ ቀስ በይ" ትላለች፣ ለጋሼ በዓይኗ ምልክት ትሰጠዋለች፣ ውሃ ታሞቃለች። እንባ ካስፈለገም ዝግጁ ነው።

በሩ ላይ ደረሱ። ባልየው የመኪናውን ምንጣፎች አውጥቶ አጥሩ ላይ ሰቅሎ በጎማ ቱቦ ያጥባቸዋል። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሏል። አያቸውና ቱቦውን ወደ መሬት ዘቀዘቀው። ውሃው በእግሮቹ መሃል ይፈስ ጀመር።

"መጣችሁ?" አለ። "እንዴት ሆናችሁ?"

ጮሊት የአክስቷን ክንድ ያዘች። "ቀስ፣ ቀስ በይ አክስቴ..."

አክስት ክንዷን አስለቀቀች። ሻርፏን አጣጥፋ እጇ ውስጥ ጨበጠች። ባሏን እያየችው ነው። ጮሊት ልታስታውሳት አንድ ጊዜ ሳለች። ሁለተኛም ሳለች።

"ምንም የለም" አለች አክስት። "ወርዶብኝ አይደለም። ከመጀመሪያውም አልነበረም። እንቁላሌ አልቋል አሉኝ። ሙቀቱም የእርጅና ነው። ሌላ ነገር የለውም።"

ባልየው ሄዶ ቧንቧውን ዘጋው። ተመልሶ መጣ። እጁን ሸሚዙ ላይ አደረቀ።

"ልጅቷንም ወስደዋታል" አለች አክስት። "እሑድ ለት።"

"አውቃለሁ። አውቶቡስ ተራ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

  እንዲሁ ቆመው ተያዩ። ይህ ዝምታ ለጮሊት ከአቅሟ በላይ ሆነባት። ደረቷን በመዳፏ መታች፣ እንባዋ እውነተኛ ሆኖ ዱብ ዱብ አለ።

"ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው! እሷን እንዳትቆጣት! እኔ ነኝ ያሳሳትኳችሁ፤ እኔን አምናችሁ ነው ሁሉም ነገር የተበላሸው! ታቅፈሻል ያልኳት እኔ ነኝ፣ ልጅቷ እንድትመጣም አልፈለግኩም ነበር፣ እኔን አምናችሁ ነው እንደዚህ..."

"አንቺን?" አለ ባልየው።

ፊቱን ወደ እሷ ያዞረው ገና አሁን ነው፤ አስተያየቱም ቁጣ አልነበረበትም፣ እንደ ደከመው ሰው ነው።

"አንቺንማ ማን አመነ? ሚስቴ ስትስቅ አየኋት፣ ሳቋን መቀማት አቃተኝ፣ ዝም አልኩ። አሁን ከበሩ ዞር በይ፣ ትግባበት።"